በር ላይ የቆሙ

የኢልሃም ልብ ሰኞ ማለዳ እንደ ወትሮው ሰላምታ አቀረበ። የመለሰለት አልነበረም።

እናቷ ዘይነባ ይህን ያወቀችው ከግድግዳው ድምፅ አይደለም። ሰዉ ሁሉ «ሰሚ» የሚለው የግድግዳው ድምፅ ያን ዕለትም «ደህና አደራችሁ፤ ደሴ ዛሬ እስከ ቀትር ጉም ናት» ብሎ ዝም ብሏል። ያወቀችው ልጇ የእጅ አንጓ ላይ ካለው አምባር ነው። አምባሩ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መስታወት አለችው፤ በመስታወቷ ላይ ፊደል ይበራል። ፊደሉን የሚያይ ግን የለም። አምባሩ ራሱ በየማለዳው «ደህና ናት» ስለሚል ሌሎች እናቶች ያንን ሰምተው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ዘይነባ ግን ከዓመት በፊት አንድ ማለዳ፣ ያ ድምፅ ሁልጊዜ ያው አንድ ድምፅ፣ ያው አንድ ለዛ መሆኑን ልብ አለች። ልጄ ደህና ያልሆነች ቀንስ በዚሁ ለዛ ይሆን የሚነግረኝ? ብላ አሰበች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቃት። በአርባ አንድ ዓመቷ ፊደል ልትቆጥር የተመዘገበችው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ዘመን ፊደል መቁጠር እንደ ሥራ ፈትነት ይታይ ነበር። ትምህርት ቤቶች ማንበብ ማስተማር ካቆሙ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሆናቸው ነው። የሱቅ ሰሌዳ ቀርቷል፤ ሱቁ ራሱ ይናገራል። መድኃኒቱ ይናገራል፣ ታክሲው ይናገራል፣ ሰው የሚታወቀው በድምፁ ነው። የዘይነባ እንጀራም ንግግር ነው። በቀን አራት ሰዓት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ማሽኖች የወሎን ለዛ እንዳይረሱ ለማሽን ታወራለች። «እንዴት ዋላችሁ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ከብቱስ?» ትላለች። ከብት ያለው ሰው አታውቅም።

«ምን ልታነቢ ነው አንቺ?» ትላታለች ጎረቤቷ ተዋበች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ትምህርት ስትወጣ እያየች። «የጨው ዕቃው እንኳ ‹ጨው ነኝ› ይላል እኮ!»

«ባይልስ?» ትላለች ዘይነባ።

ያን ሰኞ የልጇን እጅ ሳበች።

«እማ፣ ደግሞ ጀመረሽ!» አለች ኢልሃም። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የእናቷን ስጋት እንደ ዝናብ ለምዳዋለች።

«አንዴ ብቻ።»

ዘይነባ ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለቀመችው። መ፣ ል፣ ስ። መልስ። የ፣ ለ፣ ም። የለም። ከሥሩ ደግሞ፦ አምስት ቀን።

«ደህና ናት» አለ አምባሩ።

የልጅቷ ነገር እንዲህ ነው። በስድስት ዓመቷ ከአንገት አጥንቷ ሥር ትንሽ መሣሪያ ተቀበረላት። መሣሪያው በየማለዳው የሰፈሩን የመገናኛ ማሽን፣ ሰርቨሩን፣ ጠርቶ የዕለቱን የልብ ምት ልክ ይቀበላል፤ ተቀብሎም መስመሩን ይዘጋል። የሚመልስለት ካጣ፣ ምቱን በየቀኑ ጥቂት እየቀነሰ አምስት ቀን በራሱ ይዘልቃል። በስድስተኛው ቀን ማለዳ ምቱን ወደ መጨረሻው ዝቅታ ያወርዳል። ያኔ ልጅቷ ከአልጋ አትነሳም። ሐኪሙ መሣሪያውን ሲተክልላት «በዚያ ምት ልቧ ከሳምንት በላይ አይችልም፤ ግን እዚያ የደረሰ ልጅ እስካሁን የለም» ብሎ ነበር። ዘይነባ የያዘችው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

«ሰሚ!» አለች ወደ ግድግዳው ዞራ። «የልጄ ልብ መልስ አጣ።»

«በሰፈርዎ የተመዘገበ ችግር የለም» አለ ሰሚ። «ጥያቄዎን ለባለሙያ አስተላልፌያለሁ። ባለሙያ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ይመጣል።»

«ያላት አምስት ቀን ነው!»

«ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ሰርቨሩ ያለው ከቶሳ ተራራ ግርጌ፣ በቅሬው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ቅሬ ሰፈርተኛው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የለቅሶ ድንኳኖች፣ አግዳሚ ወንበሮችና በርሜል የሚያህሉ ድስቶች ተደርድረዋል። ከድስቶቹ ጀርባ፣ ቁም ሣጥን የሚያህለው ሰርቨር ቀን ከሌት ያጉረመርማል። የስምንት ቅሬ ሰው ከሰሚም ሆነ እርስ በርሱ የሚነጋገርበት መስመር በዚህ በኩል ያልፋል። ዘይነባ ፊደል የምትቆጥረውም እዚሁ፣ ከድስቶቹ መካከል ነው፤ አስተማሪዋ የማሽኑ ጠባቂ ጋሽ ሲራክ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሁለት ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ፊደሉን የሚያስተምሩት በጣታቸው በተማሪው መዳፍ ላይ እየጻፉ ነው።

ነገሩን ቆመው ሰሟት። ከዚያ እጃቸውን ከማሽኑ ጀርባ ሰደው ኬብሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«መብራቷ ምን ዓይነት ናት?»

«አረንጓዴ።»

«ቀጥ ብላ በርታለች ወይስ ብልጭ ድርግም ትላለች?»

«ብልጭ ድርግም ትላለች ጋሽዬ።»

«እንግዲያው ገመዱ ደህና ነው። እየተነጋገረ ነው፤ ከማን ጋር እንደሆነ ነው እንጂ ያልታወቀው።»

«አጥፍተን ብናበራውስ?»

ጋሽ ሲራክ ስድብ እንደሰማ ሰው ፊታቸው ተለወጠ። «ይህ ማሽን ከበራ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የአንቺ እኩያ ነው። አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። በሌላ ከተማ አቻው ነበር፤ አቧራ ሊያራግፉለት ብለው አጠፉት። አልተነሳም። የያዘውን ሁሉ ይዞ ቀረ። የኢልሃም ልክ የተጻፈው የት ነው? እሱው ላይ ብቻ ነው።»

ዘይነባ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አብሽሪ» አሉ ሽማግሌው፤ ክርስቲያን ቢሆኑም የሰፈሩ አፍ ነው። «መጀመሪያ የታመመው ማን እንደሆነ እንወቅ። ሂጂና ሰፈሩን ጠይቂ። ‹መስመራችሁ ደህና ነው ወይ?› እንዳትዪ፤ የኛ ሰው ቤቱ እየተቃጠለም ‹ደህና› ነው የሚልሽ። ‹መስመራችሁን ዛሬ አዲስ ከፍታችሁት ነው ወይስ ድሮ የተከፈተ ነው?› በይ።»

ሰኞ ከሰዓትንና ማክሰኞን ሙሉ በር ስታንኳኳ ዋለች። ተዋበች ሳቀች። «እኔማ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ዘግቼውም አላውቅ!» አለች። ቀጣዩ ቤትም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ሰው ሁሉ መስመሩን ከፍቶ ይበላል፣ ከፍቶ ይተኛል፤ የጎደለበት የለም፤ ስለዚህም ያመለከተ የለም። የተቸገረች ሴት ያገኘችው ዘጠነኛው ቤት ላይ ነው። ሰዓዳ ትባላለች፤ እሑድ ማምሻውን የወለደች አራስ ናት።

«ሰሚ ልጄን ‹አላውቀውም› ይለኛል» አለች ሰዓዳ ሕፃኑን እያቀፈች። «ካላወቀው ክትባቱ አይመጣ፣ ስሙ አይገባ። ‹ይኸው ሲያለቅስ አይሰማህም ወይ?› እለዋለሁ፤ ‹ድምፁ አልተመዘገበም› ይለኛል።»

ዳቦ ጋጋሪውም ተቸግሯል፤ ማታ ማታ የምድጃውን መስመር ዘግቶ የሚያድር ሰው ነው። ከሐይቅ ከተማ መጥታ አንድ ክፍል የተከራየችው ተማሪም እንዲሁ። ዘይነባ ማክሰኞ ሲመሽ ይህን ሁሉ ይዛ ጋሽ ሲራክ ፊት ቆመች።

«ጋሽዬ፣ የገባ አይወጣም፤ አዲስ የሚገባም የለም። የቸገረው ዘግቶ የሚያድር ሰውና አዲስ የመጣ ሰው ነው።»

ሽማግሌው እየዳሰሱ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ሞልቷል» አሉ። «አሥራ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ቦታ አለው። በሕይወት ያለው ሰው ሰባት ሺህ አይሞላም። በማን ሞላ?»

ይህን ሰሚ ሊመልስ አይችልም፤ ማሽኑን ለመጠየቅ እሱም እንደማንም አዲስ መስመር መክፈት ነበረበት። መልሱ ያለው ስክሪኑ ላይ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ አይናገርም። ጋሽ ሲራክ በወጣትነታቸው መዝገቡን በፊደል ነበር የጻፉት፣ ያኔ ሁሉም ሰው ያነብ ስለነበር። ረቡዕ ማለዳ ዘይነባ የዘጠኝ ዓመት አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ስክሪኑን አበራችው።

ፊደሉ ብዛቱ አስፈራት። እንደ ጉንዳን ሰልፍ ወደ ታች ይወርዳል።

«ከላይኛው ጀምሪ» አሉ ጋሽ ሲራክ። «ስም፣ ሁኔታ፣ የባለቤቱ የመጨረሻ ድምፅ። ሦስት ነገር ብቻ ነው። አትቸኩዪ።»

«አት... አትቸኩዪ ይላሉ ደግሞ!» አለች። ግን ጣቷን አስደገፈች። «እ፣ ን፣ ድ... እንድሪስ። ሙ፣ ሄ። እንድሪስ ሙሄ። ክፍት። የመጨረሻ ድምፅ፦ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት።» ጣቷን ከስክሪኑ አነሳች።

«ቀጥዪ።»

«ጋሽዬ፣ እንድሪስ እኮ የእትዬ ራቢያ ልጅ ነው። ናዳው የበላው።»

«ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ሃያ ስም ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ከሃያው አሥራ ሁለቱን ታውቃቸዋለች። የአንዱ ለቅሶ ላይ ሽንኩርት ልጣለች፣ የሌላዋ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ውኃ ቀድታለች። ሰው ይህን መዝገብ ቢያነብ ስም ብቻ ነው የሚያየው፤ የቅሬ ሴት ግን ማን የት እንደተቀበረ ታውቃለች።

«ሙታን ናቸው» አለች በመጨረሻ። «የሞላው በሙታን ነው።»

ነገሩ የተጀመረው በናዳው ዓመት ነው። ያን ክረምት ከቶሳ የተናደ አፈር አርባ ሰው ይዞ ወረደ፤ የብዙዎቹ አስከሬን አልተገኘም። ቤተሰቦቻቸው ምናልባት ቢጣሩ ብለው መስመራቸውን ሳይዘጉ ቆዩ። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ከዚያ ሌላውም ሰው ሲሞት ይቆይለት ጀመር፤ ስሙም «መስመር ማቆየት» ተባለ። ዓርብ ከሰዓት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ለሟቹ የሳምንቱን ወሬ ይነግረዋል። የሚመልስ የለም፤ መስመሩ ግን ክፍት ነው፤ ሹ የምትል ድምፅ አለችው። የሟችን መስመር የዘጋ ሰው «ሁለተኛ ቀበረው» ይባላል። ዘይነባም የባሏን የአንዋርን መስመር ካቆየች አራት ዓመቷ ነው። ኢልሃም በየዓርቡ የፈተና ውጤቷን ትነግረዋለች።

«ማሽኑስ ለምን ራሱ አይዘጋም?» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ያለን ሰው!»

ጋሽ ሲራክ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ነኝ የከለከልኩት» አሉ። «በኛ ልጅነት፣ ስልክ ስናወራ ማንም ቀድሞ መዝጋት አይወድም ነበር። ‹እሺ ደህና ሁን›፣ ‹እሺ ደህና ሁኚ›፣ ‹እሺ በቃ›፣ ‹እሺ ሰላም በልልኝ›፤ ሩብ ሰዓት ይሄድ ነበር። በሰው ጆሮ ላይ መዝጋት ነውር ነው። የሌላ አገር ማሽኖች ሰው ትንሽ ዝም ካለ ይዘጉበታል። እኔ ለዚህ ማሽን እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ ሰው ራሱ ተሰናብቶ ካልዘጋ አትዝጋበት። በጣም ኮርቼበት ነበር። ሙታን እንደማይሰናበቱ አላሰብኩም።»

ዘይነባ ሌላውን መዝገብ እንድታወጣ ነገሯት። ርእሱን አነበበችው፦ በር ላይ የቆሙ። መግባት ፈልገው ቦታ ያጡት ስልሳ አንድ ናቸው። አንደኛው፦ ስም ያልወጣለት ሕፃን፣ የሰዓዳ ቤት። ጣቷ ወደ ታች ወረደ። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ቆመ። ኢልሃም አንዋር።

«ላስቀድማት ብል ይሆናል?» አለች በጣም ዝግ ባለ ድምፅ።

«አይሆንም። ተራ የሚያሳልፍ ትእዛዝ አልጻፍኩለትም።»

«ሠላሳ ስምንት ሰው መውጣት አለበት ማለት ነው።»

«አዎ። አንዴ ከገባች መስመሯ እንዳይዘጋ አደርጋለሁ። መዝጋቱ ቀላል ነው፤ ስሙን ትጽፊያለሽ፣ ቀጥሎ ‹ዝጋ› ብለሽ ‹አስገቢ› የሚባለውን ቁልፍ መጫን ነው። ግን ይህ የኔም ያንቺም ሥልጣን አይደለም። የቅሬውን ዳኛ ልጥራ።» ዱላቸውን አንስተው እየዳሰሱ ወጡ።

ዘይነባ ብቻዋን ቀረች። ማሽኑ ያጉረመርማል። ከፊቷ ዘጠኝ ሺህ ሟች አለ። ሠላሳ ስምንት ከዘጠኝ ሺህ ቢጎድል ማን ያውቃል? ማንበብ የሚችል የለ፤ ድሮ የተማረውም ረስቶታል፤ ያልረሱት አንድ ሰው ደግሞ ዓይናቸው አያይም። እጇ ኪቦርዱ ላይ አረፈ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈልጋ ጻፈች። እንድሪስ ሙሄ ዝጋ። አንዲት ቁልፍ ብቻ ቀረቻት።

እትዬ ራቢያን አሰበች። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ዓርብ ዓርብ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው «እንድርዬ፣ ሾላው ዘንድሮም አፈራ» ሲሉ ከመንገድ ትሰማቸዋለች። የፊታችን ዓርብ ሹ የምትለዋን ድምፅ ቢያጧት፣ የማን እጅ እንደወሰደባቸው ሳያውቁ ለሁለተኛ ጊዜ ልጃቸውን በናዳ ያጣሉ። የኔ ልጅስ በዚህ ልብ ነው የምትኖረው? አለች። የጻፈችውን ከመጨረሻው ጀምራ አንድ በአንድ አጠፋችው። የምታጠፋው እያንዳንዱ ፊደል ከደረቷ የሚነቀል መሰላት።

ሐሙስ ቀትር ላይ ቅሬው በዕቃ ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። የቅሬው ዳኛ አባባ ይመር፣ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና ሽማግሌ፣ ነገሩን በአጭሩ ተናገሩ። ግቢው ታወከ።

«ሙት ይውጣ ነው የምትሉን?» አለ አንዱ።

«አሁን ደግሞ መቃብሩንም ቆፍራችሁ ቤት ሥሩበት!» አለ ሌላው።

«ዘይነባ ፊደል ቆጥራ ያመጣችው ጣጣ!» አለች ተዋበች፣ ከዚያ ኢልሃምን አግዳሚው ላይ ጋቢ ለብሳ አይታ፣ ሄዳ ጋቢውን አስተካከለችላት።

እትዬ ራቢያ ከሰው መሀል ቆመው ነበር። አልጮኹም። «ሌላው መቃብር አለው» አሉ። «እኔ ያለኝ መስመሩ ነው።»

«የቅሬው ሕግ የታወቀ ነው» አሉ አባባ ይመር። «ቤተሰብ ሳይል ማንም አይቀበርም። ቤተሰብ ሳይልም የማንም መስመር አይዘጋም። የሚሰጥ በራሱ አፍ ይስጥ። የማይሰጥን ማንም በክፉ ዓይን አይየው።»

ዘይነባ ልጇን ደግፋ ወደ ዕቃ ቤቱ በር አመጣቻት። የአንዋርን መስመር በድምፅ አስወጣችው። ሹ የምትለዋ ድምፅ ግቢውን ሞላችው።

«ንገሪው» አለቻት።

ኢልሃም ሰዉን አየችና አፈረች። ከዚያ ጎንበስ አለች። «አባ፣ ሁለተኛ ወጣሁ። ሒሳብ ላይ ነው የተሸነፍኩት። እማ ማንበብ ቻለች፤ ቀስ ብላ ነው ግን ትችላለች።» ትንሽ አሰበች። «እሺ በቃ አባ። ደህና ሁን። እሺ። ቻው።»

ዘይነባ የምትለው ነበራት፤ አፏ ግን እንቢ አላት። በቀን አራት ሰዓት ለማሽን የሚያወራ አፍ ያን ቀን አንድ ቃል አጣ። ስለዚህ ጻፈችው። ሰዉ ሁሉ በሩ ላይ ተደራርቦ እያያት፣ የባሏን ስም ከነአባቱ ጻፈች፤ ዝጋ ብላ ጻፈች፤ ተጫነች። ሹ የምትለዋ ድምፅ ጠፋች።

ወዲያው ከታችኛው ሰፈር የሰዓዳ እልልታ ተሰማ። ሰሚ ሕፃኑን «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎት ነበር።

«ለልጅሽ አልደረሰም እኮ!» አለ አንድ ሰው ግራ ተጋብቶ።

«ተራው የሰዓዳ ነው» አለች ዘይነባ።

ከዚያ በኋላ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዳንዱ መጥቶ በር ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ማንም አልተናገረውም። የመጣውም ቶሎ አይጨርስም። «እሺ በቃ እንግዲህ» ይላል፣ ከዚያ የረሳው ወሬ ትዝ ይለዋል፤ «እሺ ደህና ሁኚ» ይላል፣ ከዚያ የሰላምታ ልውውጡን እንደገና ይጀምራል። ዘይነባ በየመሀሉ የልጇን እጅ እየሳበች ታነባለች። ሐሙስ ሁለት ቀን፣ ዓርብ አንድ ቀን፣ ይላል መስታወቱ። አንድን ሰው እንኳ ፍጠን ለማለት አልደፈረችም። አንድ ሽማግሌ የእናታቸውን መስመር ለመዝጋት አንድ ሰዓት ፈጀባቸውና ሲወጡ፣ «ስትኖርም እንዲሁ አትለቀኝም ነበር» አሉ፤ የሚያለቅሰውም ሳቀ። ተዋበች የአክስቷን ሰጠች። ሐሙስ ሲመሽ አሥራ አራት፣ ዓርብ ቀትር ሃያ ዘጠኝ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሠላሳ ስድስት ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ጠፋ። ኢልሃም አግዳሚው ላይ ተጋድማለች።

«እማ፣ ስንት ቀረ?»

«ትንሽ።»

«ያንቺ ‹ትንሽ› ታስፈራኛለች።»

ፀሐይ ከቶሳ ጀርባ ልትገባ ስትል እትዬ ራቢያ በከዘራ መጡ። ለዘይነባ ሰላምታ አልሰጡም። በቀጥታ ወደ ማሽኑ አልፈው ተቀመጡ። «እንድርዬ፣ ሾላው አፈራ» አሉ። ቆዩ። «ናዳው ሲመጣ ‹እማ መጣሁ› ብለኸኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ ጠበቅኩህ። እግሬ ደከመ፣ ልጄ። አሁን አንተ ቁጭ በል፣ እኔው እመጣለሁ።» ወደ ዘይነባ ዞሩ። «ጻፊው።»

ዘይነባ ያንኑ ስም፣ ያንኑ ቃል ሁለተኛ ጊዜ ጻፈችው። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ የራቢያን ጉልበት ሳመች። እትዬ ራቢያ ዘይነባ ለምን ያን ያህል እንዳለቀሰች አልገባቸውም።

ሠላሳ ሰባት። አንድ ቀረ።

ጋሽ ሲራክ ከድስቶቹ አጠገብ ሁለት ቀን ሙሉ ከተቀመጡበት አልተነሱም ነበር።

«ዘይኔ» አሉ። «ሚስቴን፣ ፀዳለን ፈልጊልኝ።»

ፈልጋ አገኘችው። «ፀዳለ ወንድይራድ። ክፍት። የመጨረሻ ድምፅ፦ ከዘጠኝ ዓመት በፊት።»

«‹ሻዩ ፈልቷል፣ ና› ነው ያለችኝ» አሉ። «እዚህ ሥራ ላይ ነበርኩ። ‹እሺ መጣሁ› አልኳት። ስደርስ ሻዩ በርዶ ነበር፤ እሷም። ስክሪኑን ያጠፋሁት ዓይኔ ስለ ደከመ አይደለም። ያኔ አይ ነበር። ‹ክፍት› የሚለውን ማየት ፈርቼ ነው፤ ‹ዝግ› እንዳልለው ደግሞ ሕጉ የኔው ነው። እሷ ሳትሰናበት እንዴት እዘጋባታለሁ?»

ኢልሃም ከዘይነባ ጀርባ ትተነፍሳለች፤ ዘይነባ ትንፋሿን ትቆጥራለች። ቢሆንም ሽማግሌውን ዝጉ ለማለት ምላሷ አልታዘዛትም።

ጋሽ ሲራክ ተነሱ። ወንበሩን ዳሰው ተቀመጡ፤ ጣቶቻቸው ቁልፎቹን ያለ ዓይን አገኟቸው። ከአርባ አንድ ዓመት በኋላም አልረሷቸውም። «ሻዩን ጠጥቼዋለሁ፣ ፀዱ» አሉ ዝግ ብለው። «ጣፋጭ ነበር። ደህና ሁኚ።» ጽፈው ተጫኑ።

በሩ ላይ የቆሙት አባባ ይመር፣ «ከእንግዲህ» አሉ ለማንም ሳይሆን፣ «ድንኳን በምናፈርስበት ቀን የመስመሩን ስንብትም አብረን እናደርጋለን። ሰው ብቻውን እንዲህ አይሆንም።»

ዘይነባ ግን አልሰማቻቸውም። መዝገቡን እያየች ነበር። በር ላይ የቆሙ። አንደኛ፦ ኢልሃም አንዋር። ዓይኗ እያየ ስሙ ከሰልፉ ጠፋ።

«ደህና ናት» አለ አምባሩ፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ለዛ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንዳለው።

ዘይነባ ተንበርክካ የልጇን እጅ ያዘች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አደረገች። ፊደሉ በእንባዋ ተንቀጠቀጠባት፤ በነጠላዋ ጠርጋ እንደገና ጀመረች።

«ምን ይላል?» አለች ኢልሃም።

«ቆይ፣ አታጣድፊኝ። ኢል፣ ሃ፣ ም። ኢልሃም አንዋር። ክፍት።» ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች። «የመጨረሻ ድምፅ፦»

«እማ! ምን ይላል?»

«አሁን» አለች ዘይነባ። «አሁን፣ ይላል።»